የቢልጉን ፀጉር

«ፀጉር ነው እኮ፤ ጣት አልቆረጥንበትም» አሉ ሽማግሌ ጉ። «ፀጉር ደግሞ ይበቅላል።»

«መብቀሉን እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ» አለች ጂኖክ። «ጉዳዩ እሱ አይደለም እያልኩዎት ነው።»

«ታዲያ ምንድነው? ጣዖት ነው ካሉኝማ ጭራሽ እንኳን ተቆረጠ።»

«ምን ጣዖት አለበት? እኛስ ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላው የሩዝ ዳቦ ደርድረን ዘመድ አንጠራም?»

«እሱ ልደት ነው።»

«ይኼም የእነሱ ነው።»

ጠቡ የተጀመረው ሩዙ ሲጣድ ነው። ሩዙ በስሎ፣ ተበልቶ፣ ሳህኑ እየታጠበም አላለቀም። የቆሙት ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በስተኋላ ባለችው ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ሽማግሌ ጉ ከኮሪያዋ የወደብ ከተማ ከጉንሳን የመጣው የሚስዮን ቡድን መሪ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዓሣ መረብ ሲነግዱ ስለኖሩ ወጥ ቤት ውስጥም ወደብ ላይ እንዳሉ ነው የሚናገሩት። ጂኖክ የሚስዮናዊው ሚስት ናት። ከባሏ ጋር ወደዚህች የሞንጎሊያ ትንሽ ከተማ ከመጡ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ባሏ ቡድኑ ነገ የሚመለስበትን አውቶቡስ ሊያዘጋጅ ዋና ከተማው ኡላንባታር ስለሄደ ከሽማግሌው ጋር የሚከራከር ሌላ ሰው አልነበረም።

የሚከራከሩት በዲያቆኒት ማንሱን ነገር ነው። ማንሱን ግን በተደፋ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ቶንዶሷን በትንሽ ብሩሽ ታጸዳለች። ቃላቸው ከራሷ በላይ ያልፋል።

ማንሱን ጉንሳን ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ፀጉር ቤት አላት። ቡድኑ በየበጋው ወደ ውጭ ሲወጣ ለልጆች ድራማ የሚሠሩ፣ ፊት ላይ ቢራቢሮ የሚስሉ፣ ለሽማግሌዎች የማንበቢያ መነጽር የሚያድሉ አሉ፤ የፀጉር አገልግሎቱ የእሷ ነው። አገልግሎቱ አንድ ደንብ አለው፦ አንድ ራስ፣ አንድ ጸሎት። ሰውየው ወንበሩ ላይ ሳለ ቆራጯ በልቧ ትጸልይለታለች። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ማንሱን ናት፤ ባሏ ሳይታመም በፊት።

ባሏ ባለፈው ክረምት ሞተ። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ እንዲድን ማለዳ ማለዳ በጸሎት ጮኾለት ነበር። ሬሳው ሲታጠብ ፀጉሩን ያበጠረችው እሷ ናት። ማበጠሪያውን አስቀምጣ እጇን ስትታጠብ ልጸልይ ብላ ሞከረች፤ ምንም አልመጣላትም። አልተናደደችም። እግዚአብሔር የለም ብላም አላሰበችም። ስልክ አንስታ መስመሩ ዝም እንዳለባት ዓይነት ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ዝም እንዳለ ነው። ለማንም አልተናገረችም። ሌሎች ሲጸልዩ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ማታ ማታ የቀኑ ሥራ ሲገመገም ሽማግሌ ጉ «ዲያቆኒት፣ ዛሬስ ለሁሉም ጸለዩላቸው?» ሲሏት «አሜን» ትላለች። የምትፈራው ነገር ቢኖር አንድ ቀን አንድ ሰው አጥብቆ እንዳይጠይቃት ነው።

ዛሬ ጠዋት ወንበሩ ላይ የወጣው ሕፃን ብቻውን ነበር። ይዛው የመጣችው የአጎቱ ልጅ ፊቷን ልታስቀባ ሄዳለች፤ አስተርጓሚዎቹ ልጃገረዶች ድራማው ጋ ናቸው። ፀጉሩ ወገቡ ድረስ ይደርሳል። በአንድ ጉንጉን ተይዞ ጫፉ ላይ በቀይ ላስቲክ ታስሯል፤ ከጆሮው በስተኋላ ግን ተቆላልፎ ማበጠሪያ አያስገባም። ቅማልም አየችበት። ለማንሱን ሕፃኑ ተንከባካቢ ያጣች ሴት ልጅ መሰላት። ጉንጉኑን ከሥሩ በመቀስ ቆረጠችና የቀረውን በቶንዶስ አስተካከለች። ሕፃኑ አላለቀሰም። ጨርቁን ስታነሣለት ወለሉን የምትጠርገው ዲያቆኒት ቦንግኔ ቀና ብላ «ውይ፣ ወንድ ነው እንዴ? ይኸው ለመዳር ደርሷል» ብላ ሳቀች።

እናቱ ቱንጋላግ ወደ ምሳ ሰዓት ከገበያ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ልጇን አየችው። ከዚያ አቅፋው ወጣች፤ ማንንም ሰላም አላለችም። ቱንጋላግ እሑድ እሑድ ከሚመጡት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት፤ ለጥምቀት እየተማረች ነው። ጂኖክ ከወጥ ቤት ወጥታ የሆነውን ስትሰማ እርጥብ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ነገሩን አስረዳቻቸው። እዚህ አገር ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ፀጉሩ አይነካም። ወንድ ከሆነ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላው ዘመድ ይሰበሰብና እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቆርጥለታል፤ የቆረጠውም ሁሉ ይመርቀዋል። የዚህ ሕፃን፣ የቢልጉን፣ ተራ ሦስት በሚሞላው በመጪው መኸር ነበር። አባቱ እነሱው አገር፣ ኮሪያ ውስጥ፣ ሣጥን ፋብሪካ ይሠራል፤ የመጀመሪያውን ሊቆርጥ ፈቃድ ለምኖ ትኬት ገዝቷል።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጎረቤት መጥታ የልጁን አያት ቃል አደረሰች። ከዚያ ቤት ማንም ሰው ዳግመኛ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አይረግጥም።

«ዲያቆኒት ማንሱን ምን አጠፉ?» አሉ አሁን ሽማግሌ ጉ። «ቅማል የወረሰውን ልጅ አጸዱ። እነሱ ማመስገን ሲገባቸው እኛ ተራራ ወጥተን እግራቸው ላይ እንውደቅ?»

«ሻይ ጠጥተን ይቅርታ እንላለን፤ ይኸው ነው።»

«ማታ የመዝጊያ ጉባኤ አለ። እሳቸው ናቸው የሚመሰክሩት። ማረፍ አለባቸው።»

«ፀጉሩ ማዳበሪያው ውስጥ ነው» አለች ማንሱን።

ሁለቱም ዞር ብለው አዩዋት።

«የትኛው ማዳበሪያ?» አለች ጂኖክ።

«ጓሮ ያለው ነዋ» አለች ቦንግኔ ከሳህኖቹ ላይ ቀና ሳትል። «ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ስል ሽታው ይፈጀናል ብላችሁ አስተዋችሁኝ። ነገ ነገ እያልኩ ተቀመጠ። ይኸው፣ ስንፍናዬን ስትነቅፉ ነበር።»

ማንሱን ቶንዶሷን በጨርቅ ጠቀለለችና ተነሣች። «እሄዳለሁ» አለች።

«እንግዲያው እየጸለዩ ይሂዱ» አሉ ሽማግሌ ጉ።

ጉንጉኑ ከማዳበሪያው አፍ ብዙም አልራቀም ነበር። ቦንግኔ የሌሎቹን ፀጉር ብናኝ አራገፈችለት፤ ማንሱን በንጹሕ ፎጣ ጠቀለለችው።

መንገዱ በእንጨት አጥሮች መካከል ሽቅብ ይወጣል። በየበሩ የከሰል አመድ ተደፍቷል፤ ውሾቹ ከአጥር ወዲያ ሆነው ሰውን ተከትለው ይጮኻሉ። ጂኖክ ትቀድምና ቆማ ትጠብቃታለች።

«አያቲቱ ክፉ ሰው አይደሉም» አለች። «ጸሎት ያከብራሉ። የመነኩሴ ይሁን የመጋቢ ግድ የላቸውም፤ ጸሎት ጸሎት ነው የሚሉ ዓይነት ናቸው። ሲቆርጡት እንደጸለዩለት ይንገሯቸው። አንድ ራስ አንድ ጸሎት ያላችሁትን ነገር። እሱን ከሰሙ ይለሳለሳሉ።»

ማንሱን ፎጣውን ደረቷ ላይ አስጠግታ መውጣቱን ቀጠለች።

«ቱንጋላግን ካጣኋት ሌሎቹም አይቆዩም» አለች ጂኖክ። «እሷን አይተው ነው የመጡት። ሁለት ክረምት ሙሉ ቤቷ እየሄድኩ ከሰል አብሬያት ተሸክሜያለሁ። ለመመስገን ብዬ አይደለም የምነግርዎት፤ እንዲያውቁት ነው።»

«ገብቶኛል» አለች ማንሱን። ገብቷት ነበር። የማይሰማት ነገርም ቢሆን ይገባታል።

የእነ ቱንጋላግ ክብ የሱፍ ድንኳን ቤት በአጥሩ ግቢ መካከል ነው፤ በሩ ብርቱካናማ ቀለም ተቀብቷል። ውስጥ አያቲቱ ዱልማ፣ የቢልጉን አባት እናት፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ የበግ ሥጋ ይከትፋሉ። ቱንጋላግ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። ሕፃኑ የሹራብ ቆብ ደፍቶ ጠንካራ የደረቀ አይብ ይግጣል። ማንሱንን ሲያይ አወቃትና ቆቡን አውልቆ ራሱን አሳያት።

አያቲቱ ቢላቸውን ሳያቆሙ በአገጫቸው መቀመጫ አሳዩ። ቱንጋላግ ተነሥታ የወተት ሻይ ቀዳች። ሻይ ለመጣ ሁሉ ይቀዳል፤ ጠብ ያለበትም ቢሆን።

«ይቺ ናት?» አሉ ዱልማ።

«እሷ ናት» አለች ጂኖክ።

«አሮጊት ናትሳ። እኔ ደግሞ አንዷ ልጃገረድ ሳታውቅ ነው ብዬ ነበር።» ማንሱንን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «እናንተ አገር የሰው ልጅ ሲያገኙ እንዲህ ነው? አንሥቶ መላጨት?»

ጂኖክ ይኼን ተረጎመች። ማንሱን ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች፤ ፎጣውንም በሁለት እጇ ዘረጋች። አያቲቱ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ፈቱት። ጉንጉኑን መዳፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ ከፍ ዝቅ አደረጉትና ለቱንጋላግ ሰጧት። ቱንጋላግ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ አለቃውን ሲለምን ከረመ» አሉ ዱልማ። «የአገርሽ ሰው ነው አለቃው። ልጄን ልቁረጥ ሲለው ‹ምን፣ ዶሮ ነው እንዴ?› አለው አሉ። እስኪገባው ስንት ጊዜ አስረዳው። እሱ ገብቶት ለቀቀው፤ አንቺ ደግሞ እዚህ ድረስ መጥተሽ ቀደምሽው።»

ጂኖክ ስለ ዶሮው ያለውን ዘልላ ሌላውን ተረጎመች።

ዱልማ ቢላቸውን አነሡ፤ ግን አልከተፉም። «ስትቆርጪው ምን አልሽው?»

«ምን ብለው እንደመረቁት ነው የሚጠይቁት» አለች ጂኖክ በኮሪያኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንግዲህ ይንገሯቸው።»

ማንሱን ሻይዋን አየች። ወተቱ ላይ ስስ ስልባቦት ሠርቷል። ዕድሜ፣ ጤና፣ ጥበብ፤ ለስንቱ ራስ ስትለው የኖረችው ስለሆነ ቃላቱ አፏ ላይ ነበሩ። አንዱን ማንሣት ብቻ ነው። ጂኖክ ትተረጉመዋለች፣ አሮጊቷ ይለሳለሳሉ፣ ነገ አውቶቡሱ ይነሣል።

«ምንም አላልኩትም» አለች።

«በልብዎ ማለቴ ነው።»

«በልቤም።»

ጂኖክ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። «እንደዚህ ብዬ ልንገራቸው?»

«እንዳልኩት ይንገሯቸው።»

ጂኖክ ነገረቻቸው። በእነሱም ቋንቋ አጭር ነበር። ቱንጋላግ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ምንም?» አሉ ዱልማ።

«ምንም።»

«እደግ እንኳ?»

«አላልኩም።»

«ታዲያ ምን እያሰብሽ ነበር?»

ማንሱን ለማስታወስ ሞከረች። «ከጆሮው ኋላ ያለውን። የተቆላለፈውን ቦታ። ቶንዶሱ እንዳይስበው።»

ሕፃኑ አይቡን ከአፉ አውጥቶ አገላብጦ አየና መልሶ ከተተው። ምድጃው ላይ ውሃው መፍላት ጀምሮ ነበር።

«እንግዲያው አልተቆረጠም» አሉ ዱልማ።

ጂኖክ በትክክል እንደሰማች ለማወቅ ደግማ ጠየቀቻቸው።

«አልተቆረጠም አልኩ። ፍየል አጥር ላይ ታክኮ ጠጉሩ ቢቀር ተሸለተ ይባላል? ቃል ያልተነገረበት ፀጉር ወደቀ እንጂ አልተቆረጠም። አምስት ሲሞላው ይቆረጣል፤ ፀጉሩም እስከዚያ ይደርሳል።» ወደ ማንሱን ዞሩ። «መርቀሽው ቢሆን ነበር ጉዱ። አንዴ የተመረቀ አይመለስ። አባቱ ከአንቺ ኋላ ሁለተኛ ሆኖ ይቀር ነበር።»

«ለአባቱስ ምን እንበለው?» አለች ቱንጋላግ።

«ቅማል ይዞት ነበር በይው።»

«ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። ነበረው አይደል?»

ቱንጋላግ ጉንጉኑን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «ትንሽ ነበረው» አለች።

«ትኬቱ ተገዝቷል» አለች ጂኖክ፤ የራሷ ጉዳይ ይመስል።

«ይምጣ። እናቱን ለማየት ምክንያት ይፈልጋል እንዴ?» ዱልማ ሥጋውን መክተፍ ቀጠሉ።

ጂኖክ ቱንጋላግ እሑድ ትመጣ እንደሆነ ጠየቀች።

«ትልቅ ሰው ናት፤ እግሯን አላሰርኩም» አሉ አሮጊቷ። «ልጁ ግን እዚህ ይቀራል። ደግሞ ምን እንደምትቆርጡበት ማን ያውቃል።» ከዚያ በቢላው ጫፍ ወደ ማንሱን ጽዋ አመለከቱ። «ጠጪ፣ ቀዘቀዘብሽ።»

ማንሱን ጠጣች። እፎይታ ይመጣል ብላ ጠበቀች። ሻዩ ጨው ነበረው፤ ሌላ ነገር አልመጣም።

ሲወርዱ ጂኖክ አልቀደመችም፤ ጎን ለጎን ሄዱ። አጥሮቹን ግማሽ ያህል ካለፉ በኋላ «ለዚህ ልጅ ብቻ ነው ያልጸለዩት?» አለች።

«ለማንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከባሌ ቀብር።»

አንድ ውሻ ከአጥር ሥር ሾልኮ ወጣ። ጂኖክ ድንጋይ የምታነሣ መስላ ጎንበስ ስትል ተመለሰ። ትንሽ ከተራመዱ በኋላ «ማታ ሲመሰክሩ ይኼን አያንሡት» አለች። «ለእርስዎ ብዬ ነው። ከነገሯቸው ከበው እጃቸውን ይጭኑብዎታል፤ አውቶቡሱ እስኪነሣም አይለቁዎትም።»

«አውቃለሁ» አለች ማንሱን። «ጉንሳን ውስጥ እኔ ነኝ የምጭነው።»

ጂኖክ ሳቅ አፈናትና ወዲያው አቆመች። አዳራሹ ጋ ሲደርሱ የቡድኑ ሰዎች ወንበር አጥፈው ምንጣፍ እያነጠፉ ነበር። ቦንግኔ የተረፈውን ጎምዛዛ ጎመን፣ ኪምቺውን፣ ለከተማዋ ሴቶች በየጠርሙሱ ታከፋፍላለች። «ገደሉሽ?» አለቻት ማንሱንን።

«አይ።»

«በይ እንግዲያው ነይ፣ ክዳኑን ያዢልኝ።»

ጉባኤው ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀመረ። መዝሙር ተዘመረ፣ ልጆቹ ድራማቸውን ደገሙ፣ ለሚስዮናዊው ቤተሰብ ስጦታ ተሰጠ። ከዚያ ሽማግሌ ጉ ቆሙ። ጂኖክ የነገረቻቸውን በራሳቸው መንገድ ተናገሩት፤ ጠላት ሊዘጋው የነበረ በር እንደነበረ፣ እግዚአብሔር ግን የአንዲትን አሮጊት ልብ እንደከፈተ። አስተርጓሚዋ አንዳንዱን ትተረጉማለች፣ አንዳንዱን ትዘላለች።

«የከፈተው ምንድነው?» አሉ ሽማግሌ ጉ። «ጸሎት ነው። አንድ ራስ፣ አንድ ጸሎት። ዲያቆኒት ማንሱን ያን ሕፃን በጸሎት ስለቆረጡት ጌታ አሰባቸው። አይደለም ዲያቆኒት? ተነሥተው ይንገሩን።»

ማንሱን ተነሣች። ፊቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ጂኖክ ግድግዳው አጠገብ ተቀምጣ ጣቶቿን ታያለች።

«ልጁ ደህና ነው» አለች ማንሱን። «አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጥለታል።» ቆም አለች። እዚህ ላይ መቀመጥ ትችል ነበር፤ ሽማግሌው ግን አንገታቸውን እየነቀነቁ ይጠብቃሉ። «ሽማግሌ፣ ሳልጸልይ ነው የቆረጥኩት። ለሌሎቹም አልጸለይኩም።»

ሽማግሌ ጉ ፈገግ አሉና እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ። «ይኸውላችሁ ትሕትና ማለት» አሉ። «ሰው እንዲህ ነው በጌታ ፊት የሚቆመው። ‹አልጸለይኩም፣ አልበቃሁም› ብሎ።»

«አሜን» አለ ጉባኤው። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ቦንግኔ ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ አስቀመጠቻት።

«በዚህ መንፈስ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንጸልይ። ሦስት ጊዜ ጌታን ጠርተን።»

ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ አሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የየራሱን ጮኸ። የጉንሳን ሰዎች ወደፊት ወደኋላ ይወዛወዛሉ፣ ምንጣፉን በጡጫ ይመታሉ፣ ያለቅሳሉ። የከተማዋ ሴቶች በራሳቸው ቋንቋ ይቀጥላሉ። ድምፁ አንድ ላይ ሆኖ ጣሪያው ላይ ያገሳል፤ ማንም የጎረቤቱን ቃል አይለይም። የሁሉም ዓይን ተጨፍኗል።

ማንሱን ዓይኗን አልጨፈነችም። ከንፈሯን ልታንቀሳቅስ አሰበችና ተወችው፤ ከእንግዲህ የምትጸልይ መምሰል አልፈለገችም። ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ በመዳፏ ምንጣፉን ተደግፋ ተነሣች፣ ጉልበቷ ተንቋቋ፣ አልተሰማም። በግድግዳው ጥግ አልፋ ሽማግሌ ጉ አጠገብ ስትደርስ ላብ ግንባራቸው ላይ ሲወርድ አየች። ጃኬቷን ከመስቀያው አወረደች። በሩ ጋ ከተደረደሩት ጫማዎች የራሷን ለይታ ተጫማች፤ ተረከዙን በጣቷ አስገብታ አስተካከለችው። ውጭ ገና ብርሃን ነበር። ወደ ዋናው መንገድ በሚወስደው ቁልቁለት ወረደች።

ውስጥ ጸሎቱ ቀጥሏል። ቦንግኔ ዓይኗን ሳትገልጥ አጠገቧ ያለው ቦታ ሰፋ እንዳለላት ሲሰማት የደነዘዘ እግሯን ወደዚያ ዘረጋች።